ካርታ ሌባሻይ እንዳይሆን

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ የሚታደንበት አንድ ልማድ ነበረ። ንብረት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል «ሌባሻይ» የሚባለው ሹም ይጠራል፤ ሌባሻዩም ለአካለ መጠን ያልደረሰ አንድ ልጅ ይዞ ይመጣና መድኃኒት አጠጥቶ ያሰክረዋል። ልጁ ራሱን ስቶ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ሲሮጥ ሹሙ ከኋላው ይከተለዋል። በመጨረሻም ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይያዛል፤ የጠፋውንም እንዲከፍል ይገደዳል። ሰውየው «አልሰረቅሁም» ቢል የሚሰማው የለም፤ ምስክሩ የሰከረ ልጅ፣ ማስረጃውም የልጁ መውደቅ ነውና።

ይህ ልማድ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ሲሠራበት ቆይቶ በኋላ በመንግሥት ተከልክሎ ቀርቷል። ዛሬ ያነሣነው ግን አንባቢያችንን በአሮጌ ወግ ለማጫወት ብለን አይደለም። በአሁኑ ጊዜ የብዙ ታላላቅ ከተሞች ፖሊስ ወንጀልን የሚከታተለው በመዝገብ፣ በአኃዝና በካርታ ነው፤ የእኛም ወጣቶች ስለዚሁ ሲነጋገሩ እንሰማለን። መሣሪያው መልካም ነው። ነገር ግን የያዘው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቀው ካላወቀ፣ ወይም የተበላሸ ነገር ካጠጣው፣ ያው የሰከረው ልጅ ይሆናል፤ ሮጦም ከአንድ ደኃ ቤት ይወድቃል። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት እንድንችል ወደ አንድ ሰፈር፣ ወደ ቀራንዮ እንሂድ።

የነዋሪው የልብ ካርታ

ቀራንዮ በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ሲሆን፣ ስሙን በዚያው ካለው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋራ ይጋራል፤ ከኮልፌም ጋራ ተጣምሮ የክፍለ ከተማው መጠሪያ ሆኗል። ኮልፌ ቀራንዮ ወደ አምቦና ወደ ጅማ የሚወስዱት ሁለት አውራ መንገዶች የሚዘልቁበት፣ በምሥራቅ በኩል መርካቶ ያለበትን አዲስ ከተማን የሚጎራበት ሰፊ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቈጥሮበታል። ከዚያም ወዲህ በቤቴል፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ በኩል ቤት በቤት ላይ ተጨምሮበታል።

ለፖሊስ ሥራም ይህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ በተቋቋመው ሠራዊት ውስጥ ስመ ጥር የነበረው ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈሩ ኮልፌ ነበረ። የደቡብ አፍሪቃው ኔልሰን ማንዴላም በ1954 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥተው የውትድርና ትምህርት የቀሰሙት በዚሁ ስፍራ ነው። «ፈጥኖ ደራሽ» የሚለው ስም ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። ፈጥኖ መድረስ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ የሚደረሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። የዛሬው ጥያቄ ግን አስቀድሞ የት መገኘት ይገባል? የሚል ነው።

እኛም ይህን በልባችን ይዘን በአንድ ምሽት ከጦር ኃይሎች ተነሥተን ወደ ቀራንዮ በእግራችን አዘገምን። ጦር ኃይሎች የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ መጨረሻ ስለ ሆነ ከሥራ የሚመለሰው ሕዝብ እዚያ ወርዶ የታክሲ ወረፋ ይይዛል። ወደ ውስጥ እየገባን ስንሄድ አንዱ መንገድ እንደ ቀን የበራ፣ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ደግሞ ዐይን ቢወጉ የማይታይበት ጨለማ ሆኖ አገኘነው። ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ውሃ ልንገዛ ቆም ባልን ጊዜ ባለ ሱቋ እናት አየት አድርገውን፦

«ልጆቼ፣ ከዚያች ምሰሶ ወዲያ ስትሄዱ ስልካችሁን ከኪሳችሁ ክተቱ» አሉን።

«እማማ፣ እዚያ ምን አለ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ምን ይኖራል፤ ሲመሽ እዚያ ይነጥቃሉ። ባለፈው የጎረቤቴን ልጅ ነጠቋት።»

«ለፖሊስ አመለከተች?»

እሳቸውም ሳቅ ብለው «ለሞባይል ሁሉ ጣቢያ ተሂዶ ይቻላል?» ሲሉ መለሱልን።

በዚህች አጭር ጨዋታ ውስጥ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ አለ። እኒህ እናት የሰፈራቸው የወንጀል ካርታ በልባቸው ተሥሏል፤ ምሰሶዋን፣ ሰዓቱን፣ የሚደረገውንም ነገር ለይተው ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ግን ወደ ጣቢያው መዝገብ አልገባም። የጎረቤታቸው ልጅ ዝም ብላ ወደ ቤቷ ስለ ሄደች፣ በመንግሥት ዐይን ያች መታጠፊያ ሰላም ናት። አባቶቻችንም የሰፈርን ነገር የሚያውቀው ሰፈሩ መሆኑን ተረድተው ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዓት ወንጀል የተደረገበትን አገር ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሰብስቦ፣ በምስጢር በተመረጡ «ወፎች» አማካይነት ያየውንና የሰማውን ያስወጣ ነበር። ጥፋቱ፣ ወንጀለኛው እስኪገኝ ድረስ ንጹሑንም ሁሉ ከሥራው አስፈትቶ መያዙ ነው። ካርታ በትክክል ከተሠራ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሳያውል የሰፈሩን ዕውቀት ሊሰበስብ ይችላል።

ነገሩ የተጀመረበት

ወንጀልን በካርታ መሣል የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ አይደለም። የፈረንሳይ መንግሥት የፍርድ ቤቶቹን አኃዝ በየዓመቱ ማሳተም በጀመረ ጊዜ አንድሬ ሚሼል ጌሪ የሚባል የሕግ ባለሙያ አድሪያኖ ባልቢ ከሚባል የጂኦግራፊ ሊቅ ጋራ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1829 የአገሩን የወንጀል ካርታ አወጣ። አንዱ ካርታ በሰው ላይ፣ ሁለተኛው በንብረት ላይ የተሠራውን ወንጀል፣ ሦስተኛው የትምህርትን መስፋፋት ያሳይ ነበር። በዚያ ዘመን «ትምህርት በሌለበት ወንጀል ይበዛል» የሚለው አሳብ የማይጠረጠር እውነት ይመስል ነበር። ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ግን በንብረት ላይ የሚሠራው ወንጀል የበዛው ትምህርት በተስፋፋበት በሰሜን ፈረንሳይ ሆኖ ተገኘ። ካርታ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ በግምት የያዝነውን ያስጥለናል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ሎሬንስ ሸርማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በሚኒያፖሊስ ከተማ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለፖሊስ የተደረገውን ከ320 ሺህ በላይ የስልክ ጥሪ በቦታ በቦታው ሲመድቡት፣ ከከተማይቱ 115 ሺህ ያህል አድራሻና መስቀለኛ መንገድ ውስጥ ግማሹ ጥሪ የመጣው ከ100 እጅ 3 ከሚሆነው ብቻ ነበር። ክፉ የሚባለው ሰፈር እንኳ ሁለመናው ክፉ አይደለም፤ በውስጡ ጥቂት ክፉ ማዕዘኖች አሉበት እንጂ። ከዚያም በእንደነዚህ ያሉ ቦታዎች በግማሾቹ ላይ የፖሊስ ቅኝት ቢጨመር ከሌሎቹ ጋራ ሲነጻጸር የወንጀል ጥሪው ከ100 እጅ ከ6 እስከ 13 ቀነሰ። ፖሊሱም በአንድ ቦታ ቀኑን ሙሉ ተገትሮ መዋል እንደማያስፈልገው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆሞ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዞሮ መመለሱ የተሻለ እንደ ሆነ ታወቀ። «ሌባው ከዚህ ቢባረር ወደዚያ ይሄዳል» የሚባለውም ሁልጊዜ እንደማይሆን፣ እንዲያውም በአቅራቢያው ያለው መንገድ አብሮ የሚጠቀምበት ጊዜ እንዳለ ተከታዮቹ ጥናቶች አሳይተዋል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ፖሊሱ ጥቂት፣ መኪናውም ጥቂት በሆነበት ከተማ፣ ያለውን ኃይል በሁሉ ላይ እንደ አቧራ መበተን ይሻላል ወይስ በተመረጠ ቦታ፣ በተመረጠ ሰዓት ማዋል?

ካርታ ከመዝገብ ይወለዳል

ካርታ ለመሣል ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ምን እንደ ተደረገ፣ የት እንደ ተደረገ፣ መቼ እንደ ተደረገ። ቀላል ይመስላል። በከተማችን ግን እያንዳንዱ የራሱ ችግር አለው።

መጀመሪያ ቦታውን እንመልከት። የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ ሲጠየቅ የመንገድ ቁጥር አይናገርም፤ «ከቶታል ከፍ ብሎ»፣ «ከአጣና ተራ ጀርባ»፣ «ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ይላል። ይህ ለሚያውቀው ሰው ከቁጥር ይበልጣል፤ መዝገብ ላይ ሲወድቅ ግን ቶታል የሚባል ማደያ ስንት ቦታ አለ? የአስተዳደሩም ወሰን ሲለዋወጥ ኖሯል። ከተማይቱ በ28 ወረዳና በ305 ቀበሌ ተከፍላ ነበር፤ በኋላ በ10 ክፍለ ከተማና በ99 ቀበሌ ተደራጀች፤ ቀጥሎም ቀበሌው ቀርቶ 116 ወረዳ ሆነ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። አንድ ወጣት ባለሙያ የዛሬን ወረዳ ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ቀበሌ ጋራ አስተያይቶ «ወንጀል ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ቢል፣ የጨመረው ወንጀሉ ሳይሆን ወሰኑ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። እኛ «8 ሰዓት» ስንል የቀኑ ወይም የሌሊቱ ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ አቈጣጠር የተሞላ ኮምፒዩተር ደግሞ «8» ሲባል ጧት ያደርገዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰበረ ሱቅ በጧቱ ጸሐይ እንደ ተሰበረ ተደርጎ ይመዘገብና፣ ቅኝቱም ማንም በሌለበት ሰዓት ይታዘዛል። ቀኑም ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ከተጻፈ የጳጉሜን ሳምንት የት እንደሚገባ የሚያውቅ አይገኝም።

እነዚህን ሁሉ የሚያቃናው ታላቅ መሣሪያ አይደለም፤ የተረኛው መኰንን ብዕር ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንም ሰው ወንጀል መደረጉን ለማመልከት መብት እንዳለው፣ አቤቱታውም በጽሑፍ በሰፈረ ጊዜ ለአመልካቹ ተነብቦለት እንዲፈርምበት ደንግጓል። ከዚሁ ላይ «ከማን ቤት ፊት ለፊት? ከየትኛው ምሰሶ አጠገብ? ከቀኑ ወይስ ከሌሊቱ?» የሚል ጥያቄ መጨመር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ዛሬ የእጅ ስልክ የቆመበትን ነጥብ በራሱ ይናገራል። ካርታ የሚሥል ፕሮግራምም ያለ ክፍያ ይገኛል። እሱም ቢጠፋ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሰፈር ካርታና ቀለም ያለው መርፌ ይበቃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነገር እናስብ፤ ከመዝገብ የወሰድነው ሳይሆን ለማስረዳት ያህል የፈጠርነው ነው። በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ጣቢያ 40 የንጥቂያ አቤቱታ ተመዝግቧል እንበል። የወሩ ሪፖርት «ንጥቂያ 40» ብሎ ድምሩን ብቻ ወደ በላይ ካስተላለፈ፣ የበላዩ አለቃ ከማዘን በቀር ምን ያደርግበታል? መርፌ ሲተከል ግን 16ቱ በአንዲት መታጠፊያ ላይ ተሰበሰቡ፤ ከ16ቱም 13ቱ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት የተደረጉ ሆኑ። መኰንኑ በዚያ ሰዓት ወደዚያች መታጠፊያ ቢሄድ መብራቱ መቃጠሉን፣ የታክሲው ወረፋ ከአጥር ጋራ ተጣብቆ ሰዉን ማጨናነቁን፣ ነጣቂው የሚሰወርበትን ጠባብ መተላለፊያም ያያል። እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? አምፖል መለወጥ፣ ወረፋውን ወደ ብርሃን ማዞር፣ በዚያ ሰዓት አንድ ፖሊስ ሩብ ሰዓት ማቆም። ማንም አልታሰረም፤ የማንም ቤት አልተበረበረም። ካርታው የጠቆመው ሰው ሳይሆን ቦታ ስለ ነበረ ነው።

ካርታው ሲሰክር

ይህን ያህል ካመሰገንነው ነውሩንም እንናገር። የኒው ዮርክ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1994 «ኮምፕስታት» የሚባል አሠራር ጀመረ። የየክፍሉ አዛዦች በየጊዜው ተጠርተው በካርታና በአኃዝ ፊት ስለ ክፍላቸው ይጠየቁ ነበር። በከተማይቱ በ1990 በዓመት 2,245 የነበረው የነፍስ ግድያ በ2017 ወደ 292 ወረደ። ሌሎች ይህን አሠራር ያልያዙ ከተሞችም በዚያው ዘመን ወንጀል ስለ ቀነሰላቸው ምስጋናው ሁሉ የካርታው ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም ብዙ አገሮች አሠራሩን ተከተሉ። ቆይቶ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አዛዡ በአኃዙ የሚሾምና የሚሻር ከሆነ፣ ወንጀልን ከመቀነስ ይልቅ ጽሕፈትን መቀነስ ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች ጡረታ የወጡ ከፍተኛ መኰንኖችን ሲጠይቁ፣ ከመቶ የሚበልጡት ከባዱ ወንጀል ቀላል ተብሎ እንዲመዘገብ ከአግባብ ውጪ ይደረግ እንደ ነበረ ተናገሩ።

አንባቢያችን ይህን የሩቅ አገር ነገር ነው ብሎ አይለፈው። አለቃን ደስ ለማሰኘት አኃዝ ማስዋብ በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሚገኝ ደዌ ነው። «ቅሚያ» የነበረው «ዕቃ መጥፋት» ተብሎ ቢጻፍ፣ ወይም አመልካቹ «ሂድና በደንብ ፈልገው» ተብሎ ቢመለስ፣ ሪፖርቱ ያምራል፤ መርፌው ግን ከካርታው ይነቀላል፤ የተቃጠለውም አምፖል ሳይለወጥ ይከርማል። ነገ በዚያች መታጠፊያ የምታልፈው ሴት ስለዚያ ውብ ሪፖርት ዋጋ የምትከፍለው እሷ ናት።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ ይከፋል። አንዳንድ ከተሞች «ነገ ወንጀል የሚሠራው እዚህ ነው» ብሎ የሚተነብይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ገዝተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች የኦክላንድን ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ለእንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢያጠጡት፣ ዕፅ የሚወስደው ሰው በከተማይቱ ሁሉ ተበትኖ ሳለ፣ ፕሮግራሙ ፖሊሱን ደጋግሞ ወደ ጥቁሮችና ወደ ድኾች ሰፈር ላከው። ምክንያቱም መዝገቡ የያዘው ወንጀል የተሠራበትን ስፍራ ሁሉ አልነበረም፤ ፖሊስ ቀድሞ ሲመላለስበት የነበረውን ስፍራ ነበር። ፖሊስ የሄደበት ይመዘገባል፣ የተመዘገበበት ይታዘዛል፣ የታዘዘበት ደግሞ ይመዘገባል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስም ይጠቀምበት የነበረውን የትንበያ ፕሮግራም በ2020 ትቶታል።

የሌባሻዩ ልጅ እነሆ። መድኃኒቱን ያጠጡት እኛው ነን፤ ሲወድቅ ግን «ማሽኑ አለ» እንላለን። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረታችን እውነት ነው፤ ሆኖም ጨለማን መጠርጠርና የጨለማው ሰፈር ልጅ የሆነውን ሁሉ መጠርጠር ለየቅል ናቸው። የቀራንዮ ወጣት በቀራንዮ ስለ ተወለደ ብቻ መታወቂያው የሚገለበጥ ከሆነ፣ ነገ የሚያየውን ለፖሊስ አይናገርም። ካርታውም ያን ጊዜ ከምንጩ ይደርቃል።

ሦስተኛው ነገር፣ በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ቦታ ሁሉ ሰላም የሰፈነበት አይደለም። በቤቷ ውስጥ የምትደበደብ ሴት በይሉኝታ ዝም ትላለች፤ የቤት ሠራተኛ አሠሪዋን ትፈራለች፤ የጎዳና ልጅ ጣቢያ ቢሄድ ማን ያምነዋል? የእነዚህ መርፌ አልተተከለም። ስለዚህ ካርታውን የሚያነብ ሰው የተጻፈውን ካነበበ በኋላ ያልተጻፈውን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሐኪም ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የዕድሩን ዳኛ፣ የሱቋን እናት።

ለወጣቶቻችን

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ጂኦግራፊ ወይም ኮምፒዩተር የምትማሩ ተማሪዎች፣ ይህ ሙያ ለአገራችሁ የሚጠቅም ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ እንኳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፖሊስን የወንጀል መዝገብ ይዞ መመረቂያ ጽሑፍ ያቀረበ ተማሪ ነበረ። እናንተ ከዚያ ልታልፉ ይገባል። ነገር ግን ከኮምፒዩተሩ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት በምሽት አንድ ጊዜ በሰፈሩ ተመላለሱ፤ ነጥቡ ምሰሶ መሆኑን በዐይናችሁ እዩት። የተበደለውን ሰው ስምና ቤት ለማንም በሚታይ ካርታ ላይ አታውጡ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅም ግዴታ አኑሮባችኋል።

በጣቢያ፣ በወረዳና በክፍለ ከተማ የምታገለግሉ ወጣት ሹማምንት ደግሞ፣ አቤት ባይ ሲመጣ ወንበር ስጡት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ለይታችሁ ጻፉ፤ አኃዙ ቢያሳፍርም እንዳለ አስተላልፉት። የበላዩም አለቃ ወንጀል የበዛበትን መዝገብ ያመጣውን ሠራተኛ ከመቈጣቱ በፊት፣ እውነቱን ስለ ነገረው ያመስግነው። መንገዱን የሚያበራ፣ መንገድ የሚጠርግ፣ ታክሲ የሚያሰልፍ መሥሪያ ቤት ሁሉ ካርታው ላይ ድርሻ አለውና ለፖሊስ ብቻ ጥሎ አይቀመጥ።

ነዋሪውም የራሱ ዕዳ አለበት። ስልኩ የተነጠቀው ተማሪ «አይገኝም» ብሎ ወደ ቤቱ አይሂድ። ምናልባት የእሱ ስልክ ላይገኝ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያች ማዕዘን ላይ የሚተከለው መርፌ ከነገ ወዲያ የሌላውን ሰው ስልክ፣ ወይም ከማጅራት መቺ እጅ ነፍሱን ሊያድን ይችላል። ወደ 991 መደወልም ሆነ ጣቢያ መሄድ ለራስ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ለጎረቤት የሚከፈል መዋጮ ነው።

በዚያ ምሽት ከሱቋ ወጥተን ስንሄድ እኛም ስልካችንን ከኪሳችን ከተትን። ምሰሶዋ አጠገብ ስንደርስ ቀና ብለን ብናይ አምፖሉ ጠፍቷል። ይህን ለማወቅ የሰከረ ልጅ ማስሮጥ አላስፈለገንም፤ እኒያን እናት መጠየቅ ብቻ በቃን።